ቀልዴን የተውኩበት ቀን

የኔ እህት፣ የሺዬ፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ቀኑን የሚቆጥሩት ጎረቤትሽ እትዬ አስካለ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። በየሳምንቱ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብለው «ዛሬ እኮ ይህን ያህል ሆናት» ይሉኛል። እኔም እንደማላውቅ ሆኜ «ማን ናት እሷ?» እላቸዋለሁ። ጫማቸውን ይወረውሩብኛል። አንስቼ እመልስላቸዋለሁ። ጉርብትናችን አሁንም እንደዚሁ ነው፤ የጎደለው የሚያስታርቀን ሰው ብቻ ነው።

ደብዳቤ መጻፍ እንጀራዬ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ያነበበው እንደሆነ ግን ልንገረው፦ ጅጅጋ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያስተማረኝ የለም፤ የቀረውን ከሰው ክስ፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ተማርኩት። በሕይወት ባለ ሰው ስም፣ በሕይወት ላለ ሰው ብዙ ጽፌያለሁ። በሞተ ሰው ስም አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ አራቱንም ለአንቺ። ለሞተ ሰው ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ብሳሳት አትታዘቢኝ።

አሁን እኔ የምጠብቀውን ቤትሽን ልንገርሽ። በርሽ አሁንም ይጮኻል። ዘይት አላስነካሁትም፤ ሲጮኽ የምትገቢ ይመስለኛል። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣው አሁን በአሥራ አምስት ቀን ሆኗል። የውሃ ጋሪዋ አህያ ግን ማንም ሳያዛት በርሽ ላይ ትቆማለች። ባለቤቷ ይጎትታታል፣ ይሰድባታል፤ አትሰማውም። ትንሽ ቆማ፣ ጆሮዋን አራግባ፣ ስትፈልግ ትሄዳለች። ከሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ መድረስ ያላቆመች እሷ ብቻ ናት። ነፋሱም ያው ነው፤ ጠዋት ጠርጌ ያወጣሁትን አቧራ ከሰዓት በኋላ ቆጥሮ ያስረክበኛል። ደክሞኛል፣ የሺ። ድሮ ሲደክመኝ ተኝቼ ስነሳ ይለቀኝ ነበር። አሁን አብሮኝ ይነሳል።

ወሬውን ላሳጥርልሽ፦ ልጅሽ ሰናይት ወልዳለች። ወንድ ነው። ዛሬ ሦስት ወሩን ያዘ። ለመጻፍ የተቀመጥኩት ግን ብስራት ለመናገር ብቻ አይደለም። በእናቱ ላይ ያደረግሁትን በዚህም ልጅ ላይ ልደግመው ለጥቂት ነበር። እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ ይገባል፤ ካልነገርኩሽ መንገዱን ሁሉ የተሸከምኩት አይወርድልኝም።

ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ገደማ ያለውን ጊዜ ታስታውሻለሽ። ባልሽ ጥላሁን በጭነት መኪናው ጅጅጋና ደገሀቡር ይመላለስ ነበር። አንቺ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ሆድሽ ገና ሳይገፋ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ «ሐብሐብ» አልኩት። ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ በርሽን እንደ ጉምሩክ ሰው በጡጫ እየደበደብኩ «በዚህ ቤት ቀረጥ ያልተከፈለበት ሐብሐብ አለ ተብሎ ተጠቁሟል! ይከፈት!» እላለሁ። አንቺም ከውስጥ «ሐብሐብ ከፈለግህ ጭንቅላትህን አስፈትሽ! ባዶ ከሆነ ደግሞ ቀረጥ የለበትም!» ትያለሽ። ጥላሁን ቤት ያለ እንደሆነ ይስቃል። ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ አይለይም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር መጣ። ማመልከቻ የሚያጽፍ መስሎኝ ቀና እንኳ ሳልል «ተራህን ጠብቅ» አልኩት። ጠበቀ። ከፊቱ ሦስት ሰው ነበር። ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና ጥላሁን ከደገሀቡር ሲመለስ መኪናው እንደተገለበጠበት ነገረኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አፉ ላይ ይዞት ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ተራ ሲጠብቅ ሳይ የያዝኩትን ትቼ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ።

ሄደን እዚያው ቀበርነው። ለአንቺ የሩቅ ዘመድ ቀብር ነው አልንሽ። ስንመለስ እትዬ አስካለ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፣ የማያውቀው ሰው ግን የለም። ድንጋጤ ጽንስ ያስወርዳል። ለቅሶ ጽንስ ይገድላል። ስለዚህ እስክትገላገዪ፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሳ ይደበቅሽ ተባለ። የሚደብቅ ሰው ሲፈለግ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ጠቆሙና «ከእሱ የተሻለ ውሸታም ሰፈራችን የለውም» አሉ። በዚያ ሐዘን መሀል ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሙሉ ድምፅ የተመረጥኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው።

ውሸቱን አሳምሬ ሠራሁት። ጥላሁን አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሥራ አገኘ፤ የእርዳታ እህል ከባቡር እየጫነ ወደ ገጠር ያመላልሳል፤ ሥራው ቶሎ አያልቅም፤ ስልክ የለም፤ ደብዳቤ ግን በመንገደኛ ይልካል። ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በእጄ ጻፍኳቸው። ጥላሁን ሲጽፍ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ እንደ ካራማራ ዳገት ይሆን ነበር፤ ወረቀቱን አዘንብዬ እኔም ዳገቱን አወጣሁት። ላብ በነካ እጅ አሻሸሁት፣ ናፍጣ ቀባሁት። እስክትወልጂ አራት ወር፣ አራት ደብዳቤ፤ ከዚያ ወዲያ የአፍ ሰላምታ። አንቺም ፊታችን ጮክ ብለሽ ታነቢና ፈገግ ትያለሽ፤ አጥፈሽም በሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጫለሽ። እኔ በልቤ «እንዴት ያለሁ ጸሐፊ ነኝ!» እላለሁ።

ምግብ ግን አልወርድልሽ አለ። ዓይንሽ ጎደጎደ። ጠዋት ጠዋት እንዳልተኛ ሰው ግድግዳ ይዘሽ ትሄጂ ነበር። እኛ የእርግዝና ጠባይ ነው አልን።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ «ሐብሐብ» የሚለውን ቃል አፌ ላይ ማምጣት አልቻልኩም። በርሽን የማንኳኳው በአንድ ጣት ነበር። ብርቱካን ይዤ እመጣለሁ። «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ምን ላምጣልሽ?» እላለሁ። ደግ ሰው ሆንኩ። ትልቁ ስህተቴ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰናይት ወሯ ሳይሞላ ተወለደች። ሚዛኑ ላይ ሁለት ኪሎ አልሞላችም። አዋላጇ በጥጥ ጠቅልላ ስትሰጠኝ የምይዘው ጥጡን ይሁን ልጅቷን አላወቅሁም። የማለቅስ መስሎኝ ፈራሁና «ይህች ሽምብራ ናት» አልኩ። ሽምብራ ሆና ቀረች።

ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና በተነሳች ማግስት፣ እንደ ወጉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን መጣን። እትዬ አስካለ ከፊት ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ ንግግራቸውን እያጠኑ ነው። ገና ሳናንኳኳ በሩ ጮኾ ተከፈተ። ጥቁር ለብሰሽ ነበር። አልጋው ተነስቶ ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ለለቅሶኛ የሚሆን አግዳሚ ሳይቀር ከጎረቤት ለምነሽ አስገብተሻል። እትዬ አስካለ ያጠኑት ንግግር ጠፋባቸው። አንቺ ነሽ «ግቡ፣ ብርድ ነው» ያልሽን። ከዚያ በኋላ ነው ፊታችን ያለቀስሽው። ሰው «ልቧ ነግሯት ነው፣ ሴት ይታወቃታል» አለ። እኔም እንደዚያ አመንኩ። ማመን ይቀል ነበር።

ሰናይት ዘግይታ ነው በእግሯ የሄደችው። ሌሎች ልጆች ሲሮጡ እሷ የበሩን መቃን ይዛ ታያቸዋለች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ደረቷ ይታመማል፤ በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች። እኔ እንዳትበረግግ ብዬ ከሩቅ «ሽምብራ፣ መጣሁ!» እያልኩ መግባት ጀመርኩ። ስምንት ዓመቷ ላይ ሳንባዋ ታሞ ሆስፒታል ስትተኛ፣ እኔና አንቺ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሐኪሙ ከትንሽነቷ ጀምሮ ደካማ መሆኗን ጠይቆ ወጣ። አንቺ ያን ጊዜ ወለሉን እያየሽ ተናገርሽ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር።»

የምትይው አልገባኝም።

«ሐብሐብ ሳትል ያለፍክ ቀን ጥላሁን እንደሞተ አወቅሁ። አንተ ደግ የምትሆነው ሰው ሲሞት ነው።»

ደብዳቤዎቹስ? አልኩሽ። ደብዳቤዎቹማ ጥሩ ነበሩ አልሽኝ። ጥላሁን ግን በዕድሜው «ውድ ባለቤቴ ሆይ» ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ የሚለው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው አልሽ። ሳቅሽ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ብጠይቅሽ የመለስሽልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«ሁላችሁም ለቅሶ ጽንስ ይገድላል ትሉ ነበር። ካለቀስኩ ልጄን እገድላታለሁ ብዬ ዋጥኩት። አንተም ያን ያህል ስትለፋ አሳዘንከኝ።» ከዚያ ወደ ሰናይት ክፍል አየሽና «ብውጠውም ጎዳኋት መሰለኝ» አልሽ።

ያን ቀን ነው ስለ ሀሊማ የነገርሽኝ። የግመል ወተት የምታመጣልሽ ሀሊማ የኛን ስብሰባ አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም። አንድ ጠዋት ወተቱን ይዛ ስትገባ ከጓዳ ጥግ ቁጭ ብለሽ አገኘችሽ። ምን ሆንሽ አላለችሽም። የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀምጣ፣ ራስሽን በሻሿ ሸፍና፣ ጭንሽን እየመታሽ እስኪወጣልሽ ድረስ ያዘችሽ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ወተት ለማምጣት ትመጣለች፣ በሳምንት አንዴ ታለቅሻለሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ያላወቀውን ሴትየዋ በአንድ እይታ ለየችው። «እሷ ባትኖር እስከ ስምንት ወርም አልደርስም ነበር» አልሽኝ። እኛ ልንጠብቅሽ ብለን ሐዘኑን ብቻሽን አሸከምንሽ፤ ማንም አብሮሽ እንዳይዝ በዙሪያሽ ቆመን ዘብ ጠበቅን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነፍሰ ጡር የተጻፈ ወረቀት ካየሁ ከመሬትም ቢሆን አንስቼ አነባለሁ። ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አነበብኩ፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አነበብኩ። እናት ቀን ከሌት ስትጨነቅ ሰውነቷ አደጋ ላይ ነኝ ብሎ እንደሚነሳ፣ ያም ወደ ልጁ እንደሚደርስ፤ እንቅልፉ ሲጠፋ፣ ምግቡ ሲቀር ልጁ ድርሻው እንደሚያንስበት፤ ቀኑ ሳይደርስ ሊወለድ፣ ክብደቱ ሊጎድል፣ ቶሎ ቶሎ ሊታመም፣ ዘግይቶ ሊያድግ እንደሚችል። ባነበብኩ ቁጥር ያን በአንድ ጣት የማንኳኳውን በር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ሞት ልምጣ። አንቺ እንደሆንሽ አልተጨነቅሽበትም፤ ደም ግፊቱ በአንድ ጠዋት ወሰደሽ። ሰናይት ደገሀቡር ታስተምራለች፣ እዚያው አግብታለች፣ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከቀብርሽ ስንመለስ እትዬ አስካለ ቤት ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ሕጉ አልተለወጠም። ከያኔዎቹ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያም አያኮራም። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም ተባለ። ባሏ ብቻ ይወቅ ተባለ። የሚዋሽ ሲፈለግ ማንም ጣት መቀሰር አላስፈለገውም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እምቢ አላልኩም። ያን ሁሉ አንብቤ፣ ከአንቺ አፍ ሰምቼ፣ እምቢ አላልኩም። ደክሞኝ ነበር። እህቴን ቀብሬ ከሰው ጋር ልከራከር አቅም አልነበረኝም። ደግሞ ሁሉም ሰው ከእኔ ይልቅ ልክ የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ ከቀብር መልስ ያለው ሰዓት ነው።

ዘመኑ የስልክ ስለሆነ ደብዳቤ አይበቃም። ለሰናይት «እናትሽ ፀበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም፤ ሱባዔዋን ስትጨርስ ትደውልልሻለች» አልኳት። በሁለት ቀን አንዴ ትደውላለች፤ በሁለት ቀን አንዴ እዋሻለሁ። «ደህና ናት፣ በርትታለች፣ ሰላም ብላሻለች» እላታለሁ። ሦስት ሳምንት እንደዚህ ሄደ። ባሏ ለብቻው ደውሎ መብላት እንደተወች፣ ክፍል ውስጥ ቆማ ማስተማር እንዳቃታት ነገረኝ። እኔም ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? የእርግዝና ጠባይ ነው አልኩት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ወሬዬን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «ሽምብራ ማለት ተውክ እኮ።»

ረስቼው ነው አልኳት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ አንቺ በር ላይ ቁጭ አልኩ። አህያዋ መጥታ ቆመች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ነገር አንድም እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አፌ ያው አፍ ነው። ለሚወደው ሰው ሲዋሽ ደግ ይሆናል፤ ደግነቱ ይነግርበታል። ልጅቷም እንደ እናቷ አውቃ፣ እንደ እናቷ ዝም ልትል፣ እንደ እናቷ ብቻዋን ልትውጠው ነው።

ለእትዬ አስካለ ሄጄ እነግራታለሁ አልኳቸው። ጮኹብኝ። «ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ደሙ በአንተ አንገት ነው!» አሉኝ። ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንስ? ልጁ ቢሞትስ? ያን ፍርሃት ይዤ ነው አንቺ ኮሪደሩ ላይ ያልሽኝን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳቸው፦ ያኔ ታውቂ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ወር እንደዋጥሽው። እትዬ አስካለ የጤፉ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰናይትን ባዩ ቁጥር «እንኳን ደበቅናት፣ ልጅቷ ተረፈች» እያሉ እግዜርን ያመሰግኑ የነበሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አነሱና «ምን ትገተራለህ፣ መኪና ፈልግ» አሉኝ።

ሀሊማ አሁን አርጅታለች፤ ወተቱን የልጅ ልጇ ነው የሚያመላልሰው። የምንሄድበትን ስትሰማ ግን ራሷ በበትር እየተመረኮዘች መጣችና አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ሰጠችኝ። «ዋላል» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ስትነግራት ያዛት። ነግረህ እጅህን ኪስህ ውስጥ እንዳትከት።» በሚኒባሱ እትዬ አስካለና እኔ እስከ ደገሀቡር ስለ መስኮቱ ተጣላን። እሳቸው ይዘጉታል፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ኬላ ላይ ወታደሩ ባልና ሚስት ናችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቀን ሁለታችንም እኩል የተሰደብን መሰለን።

መጀመሪያ የሄድነው ሰናይት ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነርሷ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ የሦስት ሰው ድካም አለ። ሰማችንና «ንገሯት» አለች። «በልታ፣ ተቀምጣ፣ ባሏ አጠገቧ ሆኖ። ነግራችሁም እንዳትሄዱ። ማዘኗ አይቀርም፤ የሚከፋው ብቻዋን መያዟ ነው።» እትዬ አስካለ ቀድመው ሲወጡ እኔ ቀረት ብዬ ጠየቅኋት፦ ድሮ እናቷን በመዋሸቴ ነው ወይ ሰናይት ትንሽ ሆና የተወለደችው? ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ በዚህ ነው ብሎ የሚምል ሰው የለም» አለችኝ። «ጭንቀቱ አለ፣ አለመብላቱ አለ፣ ያ ዘመንም አለ። እርስዎ ብቻ አይደሉም።» ነጻ አላወጣችኝም፣ አልፈረደችብኝም። ያን መልስ ተሸክሜ እኖራለሁ፤ ከባድ ነው፣ ግን ልኬ ነው።

ሰናይት በሩን ስትከፍት እኔን አየች፣ እትዬ አስካለን አየች፣ ጀሪካኑን አየች። ፊቷ ቀድሞ ነገረኝ። ቢሆንም ከባሏ ጎን ካስቀመጥናት በኋላ መጀመሪያ «ሽምብራ» አልኳት። ከዚያ ነገርኳት። እጄ ኪሴ ውስጥ አልነበረም።

ጩኸቷን ልነግርሽ አልችልም። ሆዷን ይዛ ነው የጮኸችው። በዚያች ደቂቃ ገደልኳቸው ብዬ ነበር። ከዚያ የጎረቤት ሴቶች ገቡ፤ ሶማሌዋም፣ የኛም፤ ማንም ማንንም ሳይጠራ ቤቱ ሞላ። አንዷ ውሃ፣ አንዷ ጀርባዋን ማሻሸት፣ አንዷ ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ። እያለቀሰች «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት። «አውቄው ነበር» አለች፤ «እብድ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።» በማግስቱ ነርሷ መጥታ ሆዷ ላይ ጆሮዋን አስደግፋ ስታዳምጥ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ቀና ብላ «ይራገጣል» አለች። እትዬ አስካለ ወጥተው ውጭ አለቀሱ። ለማን እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም።

ለአንድ ሳምንት ሄጄ አራት ወር ቆየሁ። የመምህር ቤት ሶፋ ለሽማግሌ ወገብ አልተሠራም። ሰናይት በየቀኑ ታለቅስ ነበር፤ ስለ አንቺ ታወራለች፣ እኔም አወራለሁ። ሳትበላ የምትውልበት ቀን ነበር። ጀግንነት አልነበረበትም፣ የሺ፤ ማንኪያ መያዝ፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማንኪያ መያዝ ነው። አንድ ጠዋት ወጥቼ በሩን በጡጫ ደበደብኩና «በዚህ ቤት ቀረጥ ያልተከፈለበት ባቄላ አለ ተብሎ ተጠቁሟል!» አልኩ። ያሳፈርኳት መሰለኝ። ከዚያ ከውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ፦ «አጎቴ፣ ባቄላ ከፈለግህ ጥርስህን አስቆጥር፣ ሁለት ቀርቶሃል!» ቁርሷን በላች። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ድምፁ ያንቺ ነበር።

ልጁ ቀኑ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተወለደ። ሦስት ኪሎ ሊሆን ትንሽ ጎደለው። ግዙፍ አይደለም፤ ጥጥ ግን አላስፈለገውም። በር ሲንኳኳ አይበረግግም፤ ዞር ብሎ ያያል። ስሙን ጥላሁን አለችው። እኔ ባቄላ እለዋለሁ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ደህና መሆኑን እኔ በማድረጌ ነው ብዬም አልምልም። እናቱ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ይህን እምላለሁ።

ሰናይት ልጁን ይዛ ቤትሽ በመጣች ጊዜ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ ከፍቼ አራቱን ደብዳቤዎች አገኘኋቸው። ላቃጥላቸው ብል ሰናይት ነጠቀችኝ። «የአባቴ ባይሆኑ የአጎቴ ናቸው» አለች። ስታነብ «ውድ ባለቤቴ ሆይ» ላይ ደርሳ ሳቀች። እንዳንቺ።

አሁን መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ደብዳቤዬን አይቼው ደግ ደግ የሚል ሆኖብኛል። ደግ ከሆንኩ ደግሞ አታምኚኝም። ስለዚህ እንድታምኚኝ ልንገርሽ፦ ወጥሽ ሁልጊዜ ጨው ይበዛበት ነበር። መዝሙር ስትዘምሪ የውሃ ጋሪዋ አህያ ትሻልሽ ነበር። ጥላሁን አንቺን ያገባሽ በኔ ቀልድ ተታሎ ነው። ለዚያች ሐብሐብ ያልከፈልሽው ቀረጥም አሁን ድረስ በመዝገብ አለ።

በየወሩ በሞትሽበት ቀን መቃብርሽ ዘንድ እመጣለሁ። ሰው ቢያይም ባያይም የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በር በጡጫ ደብድቤ ስሰድብሽ ትሰሚኛለሽ። ባቄላም ሲያድግ አብሮኝ ይመጣል፤ ስድቡን አስተምረዋለሁ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ ይቀጥላል። አንድ ቀን በሩን በአንድ ጣት አንኳኩቼ፣ ብርቱካን ይዤ፣ «እንዴት አደርሽ እህቴ» ብዬ ካለፍኩ ግን፣ ያን ቀን የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ። ያን ቀን የሞትኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ታዴ